ልኬ ከልኬ ሲለይ

ባለፈው ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ፣ እዚህ ሪያድ፣ ሙረባዕ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው መናፈሻ፣ ከቴምር ዛፎቹ ሥር ሦስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ስድሳን የተሻገሩ የደሴ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሪያድ ውስጥ መኪና ነድተው፣ አሁን ጓዛቸውን ሸክፈው አገር ሊገቡ የተዘጋጁ። ሌላው ባጥሃ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ከመንፉሓ ሰፈር በአራት ሪያል ቲኬት ሰማያዊውን የሜትሮ መስመር ይዞ መጣ። ስልኩን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ሰው እንዳይረበሽ ድምፁን ቀንሶ ቢት ከፈተ። ከበሮው ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ እንዲህ አለ፦

ሪያል ልኬ ልኬ፣ ልኬ ጠፋብኝ፤
ለእናቴ ቤት ሠራሁ፣ ለኔ ቤት የለኝ።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ግጥሙስ ግጥም ነው፤ ጩኸቱ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። «ዲስኮ ሲመጣ አይቻለሁ። ብሬክ ዳንስ ሲመጣ ልጆች ካርቶን አንጥፈው በጭንቅላታቸው ሲሽከረከሩ አይቻለሁ። ሁሉም አለፈ። ይሄም ያልፋል፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ያልፋል ሲባል ነው የምሰማው» አለ ልጁ፣ በአክብሮት።

ሳምንቱን ሙሉ ይሄ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። የጋሼ ጥርጣሬ መሠረት የሌለው አይደለም። በጥቅምት 2025 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ አርባ ዘፈኖች ውስጥ አንድም ራፕ አልተገኘም። ከ1990 ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ዜናው እንደወጣ «ሂፕ ሆፕ አለቀለት» የሚለው ወሬ ሰፋ። እኔ ግን ሰንጠረዥ የሚለካው የሳምንትን ገበያ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ሳምንት ገበያ ያልወጣ እህል ከአገር ጠፋ አይባልም።

ሂፕ ሆፕ የተጀመረው በእጦት ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ከሚገኝ የኪራይ ሕንጻ ሥር፣ አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ድግስ አዘጋጀች። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ ነበር፤ ከጃማይካ በልጅነቱ የተሰደደ፣ በኋላ ዲጄ ኩል ሄርክ ተብሎ የታወቀ። ሄርክ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ጨፋሪው የሚነሳው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ ሲቀር ነው። ያቺ ቁራጭ ደግሞ ጥቂት ሰኮንድ ብትሆን ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመነሻው እያስጀመረ ያቺን ቁራጭ ያስረዝማት ጀመር። በላይዋ ላይ ደግሞ በማይክ ሰውን በስሙ መጥራት፣ ማሞገስ፣ ማወራረድ መጣ። ሙዚቃ ለመማር አስተማሪ ያላገኘ፣ ፒያኖ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰፈር ካለው ነገር ሙዚቃ ሠራ። ሙዚቃው ስደተኛ የወለደው፣ ስደተኛ ያሳደገው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጋሼ «አለፈ» ያሉት ብሬክ ዳንስም ከዚያው ድግስ የወጣ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ሜዳልያ ተሰጥቶበታል። ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ውድድር አልተያዘም፤ ይሁንና ከካርቶን ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሃምሳ ዓመት ኖሯል።

ጋሼ የሚወዱትን ሙዚቃ ደግሞ እንመልከት። ማሕሙድ አህመድን፣ ጥላሁን ገሠሠን ይወዳሉ፤ ከኋላቸው የሚነፋውን ሳክስፎንና ትራምፔት የራሳቸው አድርገው ይሰሙታል። ግን የነሐስ መሣሪያው የኛ የሆነው እንዴት ነው? በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ሲነፉ ድምፁ ለብዙው ጆሮ ባዕድ ነበር። ከነሱ ወዲህ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ባንዶች አልፎ፣ አራት አሥርት ዓመታት ቆይቶ አማርኛ ተናገረ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ይባላሉ። ያ ማሳተሚያ የሠራው ስድስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አምሃም ተሰደደ። ስድስት ዓመት የኖረ ነገር ግማሽ ምዕት ዓመት ተሻገረ።

ካሻገሩት መካከል ሂፕ ሆፕ አንዱ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ኦ ኖ የተባለው ካሊፎርኒያዊ ፕሮዲዩሰር ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ ሠርቷል። ከናስ ዘፈን በሰማት ቁራጭ በኩል ወደ ሙላቱ ዘልቆ የገባ፣ ሪያድ የሚኖር የሐበሻ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ ያላሰማውን ናስ አሰማው።

አላፊው የቱ እንደሆነ እኔም አልጠፋኝም። ለክሊፕ የተከራዩት መኪና ያልፋል። የወፍራም ሰንሰለቱ ፋሽን ያልፋል። በእንግሊዝኛ ዘዬ የሚነገር አማርኛም ያልፋል፤ እንዲያውም ባለፈልን። ራፐሩ ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን»ን ሲያወጣ የሕዝቡን ልብ የያዘው አሜሪካን በመምሰሉ አልነበረም፤ ማንም የሚያውቀውን የጉራጌ ምት ከራፕ ጋር ስላጋባው ነው። ልጅ ሚካኤልም፣ ካስማሰም የተደመጡት አማርኛቸው የአዲስ አበባ ልጅ በየታክሲው፣ በየሰፈሩ የሚያወራው አማርኛ ስለሆነ ይመስለኛል።

ፉከራውን፣ ሽለላውን፣ እንካ ስላንትያውን ጠርተን «ራፕማ ድሮም ነበረን» ማለት ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቋንቋው ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት እጅግ ይቀላል፤ «ሄድኩኝ፣ መጣሁኝ፣ አጣሁኝ» ብሎ አንድ ገጽ መሙላት ይቻላል፤ ብዙዎች ይሞሉታልም። ጆሮ ግን በሦስተኛው ስንኝ ይደክማል። ጎበዙ ስንኙን ገልብጦ ግሱን መሐል ይከተዋል፣ ውስጥ ለውስጥ ቤት ያስመታል። ሁለተኛውና ከባዱ ነገር ማላላትና ማጥበቅ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። የዜማ ዘፈን ድምፁን ስለሚያስረዝም ስሕተቱን ይሸፍናል። ራፕ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀለም ከበሮ ላይ ያርፋል፤ ፊደል የጠበቀበትን ቦታ ያላወቀ ራፐር ቢቱን ጠብቆ ትርጉሙን ይጥላል። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ አማርኛን የሚፈትን፣ ደግሞም የሚያሰለጥን ነው፤ በትክክል ከተያዘ ከትምህርት ቤት የግጥም ክፍለ ጊዜ ይልቅ ወጣቱን ወደ ሰምና ወርቅ ያቀርበዋል ብዬ አምናለሁ።

የምንኖርበት አገርም ይመሰክራል። በታኅሣሥ 2017 አሜሪካዊው ራፐር ኔሊ ጂዳ ሲዘፍን አዳራሹ የተፈቀደው ለወንዶች ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪያድ ሳውንድስቶርም የሚባለውን ፌስቲቫል ጀመረች፤ በታኅሣሥ 2024 ኤሚነም መድረኩ ላይ ቆመ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው በየቤቱ ሳህን ለምታጥበው፣ በየመጋዘኑ ካርቶን ለሚሸከመው ወገኔ የሚናገርለት ማነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በኅዳር 2013 በስደተኞች አፈሳ ወቅት መንፉሓ ውስጥ የሆነውን፣ በተከታዮቹ ወራት ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው የተመለሱበትን ጊዜ ስናስታውስ ያለን ትዝታና እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ ያስለቅሳል፤ ግሩም ነው። ነገር ግን ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ያልተከፈለውን የወር ደመወዝ፣ የተያዘውን ፓስፖርት አንድ በአንድ ለመቁጠር ቃል የሚበዛበት ቅርጽ ይፈልጋል። በአራት ደቂቃ ውስጥ የዚህን ያህል ቃል የሚሸከም ሌላ ዘፈን አላውቅም። ስለዚህ ነው ሂፕ ሆፕ ይቆያል የምለው፤ ያልተነገረለት ሰው እስካለ ድረስ ሥራ አያጣም።

ወደ አግዳሚው ወንበር ልመለስ። ልጁ ሁለቱን ስንኝ ደግሞ አለ። ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ሦስተኛው ልኬ ምንድን ነው?»

«ልክ ነዋ ጋሼ። መጠኔ፣ ማንነቴ።»

«ታዲያ ለምን ከሁለቱ ጋር ታጣድፈዋለህ? ሁለቱን ፈጠን አድርጋቸው፤ የላክኸው ገንዘብ ነው። ሦስተኛውን ለይተህ፣ ረገጥ አድርገህ በለው። አሁን ሦስቱንም አንድ አደረግህና ገንዘብ ላክሁ፣ መላኬ ጠፋብኝ አልክ። ወርቁ ሰም ውስጥ ቀረ።»

ልጁ ቢቱን አቆመ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ከመነሻው ከፈተውና ሦስተኛዋን «ልኬ» ከበሮው ላይ አሳረፋት፤ ለብቻዋ ጎልታ ወጣች። ጋሼ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ ከቢቱ ትንሽ ዘግይተው። ልጁም ሰምቶ ይመስለኛል፣ ሦስተኛውን ዙር እሳቸው በሚመቱት ልክ ዝግ አድርጎ አለው።

የመግሪብ አዛን ሲጀምር ስልኩን አጠፋ። ጋሼ ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉና፣ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያለው ቤትም ገና ነው» አሉት፤ «እሱን ለዓርብ እንየው።»