አብሮ መግባት እኩል መግባት ነው?

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ወታደራዊ ኮሌጅ የሆነው ቨርጂኒያ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩት ሴት አልቀበልም ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር። ግዛቲቱ ለሴቶች ለብቻቸው ሌላ ፕሮግራም ብታቀርብም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ እኩልነትን አያሟላም ሲል በየነ። የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሴትንም ወንድንም በአንድ በር ያስገባሉ። ታዲያ ክስ ስለሌለ ጥያቄ የለም ማለት ነው?

ጥያቄውን ጉጂ ውስጥ ባለችው ቦሬ ላይ እንጠይቅ። ከተማዋ ያለችው ከሐዋሳ በአለታ ወንዶ ወደ አዶላና ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቡሌ ሆራ እና ቦረና ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት ግን በዲላ ወደ ሞያሌ በሚወርደው ሌላ መስመር ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዛወር የቦሬ ተፈታኝ ከቤት ርቆ ማደር ግድ ሆነበት። ዓላማው ኩረጃን መከላከል ነበር፤ ይሁን። ግን ወንድ ልጁን ውጭ አድሮ እንዲፈተን የሚልክ አባት ሴት ልጁንም ሳያመነታ ይልካል ብሎ ያሰበው ማነው? የወር አበባዋ በፈተናው ሳምንት ቢመጣ ዶርሙ ውስጥ ውሃ መኖሩን ማን አረጋገጠ?

ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር 3.2። የማለፊያው ነጥብ ለሁሉም አንድ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ መጽሐፍ የምትገልጥ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ጊዜው የራሱ ከሆነ ወንድሟ ጋር በአንድ ሚዛን ስትመዘን፣ ሴቶች ከወረሱት የበታችነት ታሪክ የተነሳ ድጋፍ ይገባቸዋል የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የት ገባ?

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምረናለች። የልጃገረዶች አዳሪ የነበረው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ወንዶችንም ተቀበለ። በቅርቡ ግን ወደ ልጃገረዶች አዳሪነት ተመልሷል። መብራትና ታክሲ ባለበት ዋና ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ካስፈለገ፣ ለጉጂና ለቦረና ልጃገረዶች ይበልጥ አያስፈልግም?

ሌላም አለ። ግቢ የገባችው ልጅ በሁለተኛው ሴሚስተር ስትቀር ስሟን ከመሰረዝ አልፎ ለምን ቀረሽ የሚላት ማነው? ትዳር ነው? የትራንስፖርት ገንዘብ ነው? የመምህር ትንኮሳ ነው? ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተቀበሏቸውን ሴቶች ቁጥር ሲያውጁ፣ ያስመረቋቸውንና ያቋረጡትን በየወረዳቸው ለይተው አብረው ያውጡ። ይህን ለማውጣት የሚፈራ ተቋም፣ ሴቶችን እኩል አስተምራለሁ የሚለው በምን ማስረጃ ነው?