አክታችሁን አታፍኑት፣ አውጡት!



ዛሬ የምናወራው ስለ አክታ ነው። ርዕሱ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን በቤታችሁ የቲቢ መድኃኒት ጨርሶ ሳሉ ያልለቀቀው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ሰሚትና ሲኤምሲ፣ በዚህ በኛ አካባቢ ደጋግሜ የማየው አንድ ዓይነት ታካሚ አለ። ከዓመታት በፊት የሳንባ ቲቢ ይዞት 6 ወር መድኃኒቱን በሥርዓቱ ወስዶ ጨርሷል። አሁን ሲመረመር ቲቢ የለበትም። ግን በየጠዋቱ ወፍራም አክታ ያስለዋል። ፋርማሲ ሄዶ የሳል ሽሮፕ ይገዛል። ሲብስበት አሞክሳሲሊን፣ ከዚያ አዚትሮማይሲን። ሁለት ሳምንት ሻል ይለውና ተመልሶ ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሰው ዞር ብሎ እንዳያየው ሳሉን አፍኖ ይይዛል።

የዚህ ሰው ችግር ብዙ ጊዜ ብሮንኪኤክታሲስ የሚባለው ነው። ቲቢው፣ ወይም በልጅነት የያዘው ከባድ የሳንባ ምች፣ የአየር ቱቦዎቹን ጎድቶ አስፍቷቸዋል። ጤነኛ ቱቦ አክታን ወደ ላይ እየጠረገ ያስወጣል። የተጎዳው ግን አይችልም። አክታው ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ባክቴሪያው ቱቦውን መልሶ ይጎዳል። አዙሪት ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይቀንሳል እንጂ የተጠራቀመውን አክታ አያወጣም። ሳል የሚያፍን ሽሮፕማ ጭራሽ መውጫውን ነው የሚዘጋው!

ሳንባን ከአክታ ስለማጽዳት ዓለም ብዙ የተማረው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። እኛ ሀገር ስሙ እምብዛም አይሰማም። በዚህ በሽታ አክታው እጅግ ወፍራምና የሚያጣብቅ ይሆናል። አክታን የሚያቀጥነው ዶርናዝ አልፋ እ.ኤ.አ. በ1993፣ የበሽታውን ሥር የሚነካው ትሪካፍታ ደግሞ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ትሪካፍታ ሲወጣ ዋጋው በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ወላጆች በየቀኑ የልጆቻቸውን ጀርባ መታ መታ እያደረጉ አክታውን ያስወጡ ነበር። አተነፋፈስም ያስተምሯቸው ነበር። ለኛ ታካሚ የሚጠቅመው ይሄኛው ትምህርት ነው።

«ዘመድ ከአሜሪካ ያን አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት ይላክልኝ» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ዶርናዝ አልፋ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በሌለባቸው የብሮንኪኤክታሲስ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ሕመሙን አባብሶባቸዋል። ውድ ስለሆነ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህን ከሐኪም ወይም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ተለማመዱት፦

1. ተደላድላችሁ ተቀመጡ። ትከሻችሁን ዘና አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ።
2. በጥልቀት አየር ሳቡ፣ 3 ሰከንድ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ አስወጡት። 3 ወይም 4 ጊዜ።
3. መነጽር ለመወልወል እንደምታደርጉት አፋችሁን ከፍታችሁ «ሃህ» ብላችሁ አየሩን ግፉት። 1 ወይም 2 ጊዜ። አክታው ወደ ላይ ሲመጣ ሳሉና ክዳን ባለው ዕቃ ትፉት።

ይህን እየደጋገማችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ሐኪም ፓፍ ካዘዘላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ውሰዱት። ዝንጅብልና ማሩ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ጠጡት፤ ግን ይህን አይተካም።

«ካርድ አውጥቼ፣ ከፍዬ፣ ዶክተሩ ‹ተንፍስ› ብሎ ሸኘኝ» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። ይገባኛል። መድኃኒት ይዞ መውጣት የታከምን ያህል ይሰማናል። ግን በዓመት አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ መግዛት ኪስንም ሳንባንም ይጎዳል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ለሙያ አጋሮቼም የምለው አለኝ። ጥቁር አንበሳ የሳንባ ሰብ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ማስተማር የኛ የጠቅላላ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና የነርሶች ሥራ ነው። የቲቢ መድኃኒት የጨረሰ ሰው «ድነሃል» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም። አሁንም ያስለዋል ወይ ብለን እንጠይቅ፤ ካሳለው ሳንባውን እናስመርምር፣ አተነፋፈሱን እናሳየው። ወረፋ ቢበዛም አሥር ደቂቃ አናጣም።

ማሳሰቢያ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ ሳል ካለባችሁ ቅድሚያ ለቲቢ ምርመራ። ከዚህ በፊት ታክማችሁም ቢሆን ቲቢ ሊመለስ ይችላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም ነጻ ነው። ከአክታ ጋር ደም ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳት ካለ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ታክሲ ውስጥ የሚያስል ሰው ስታዩም አታሳቅቁት፤ መስኮቱን ክፈቱለት። እሱም አፉን በክንዱ ሸፍኖ ይሳል።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይስጥልን!