የቴዎድሮስ ዕንባና የወርቂት ዕንባ

ጎበዝ! መጽሐፍም እንደ ዳኛ ያዳላል እንዴ? ሰሞኑን ከደሴ በአቀስታ አድርጌ መካነ ሰላም ስገባ ሦስት አሮጌ መጻሕፍት በፌስታል ይዤ ነበር። ሦስቱም ስለ ቴዎድሮስ ናቸው።

አንዱ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ልብ ወለድ። እውነቱን ልናገርና እኔም አልቅሻለሁ። ሁለተኛው የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ነው። ውፍረቱ ያስደነግጣል፤ ግን አንዴ ከገቡበት ካሣን አለመውደድ ይቸግራል። ሦስተኛው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ነው፤ 1981 ዓ.ም.። ይሄኛው ታሪክ ነው፤ ሆድ ለማባባት አልተጻፈም። እኔን ግን ከሁለቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ የታሪኩ ነገር ነው።

መቅደላ ታስሮ የነበረው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አመለጠና የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት እጅ ገባ። የወርቂት ልጅ አመዴ ደግሞ እዚያው መቅደላ የቴዎድሮስ እስረኛ ነው። ምኒልክን ቢመልሱ ልጃቸውን ያተርፉበት ይሆናል። አልመለሱም፤ ወደ ሸዋ አሳለፉት። ቴዎድሮስም ልጃቸውን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደለው።

ታዲያ ለንጉሡ ዕንባ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ሲደርሰው፣ ለኚህ እናት ስንት ገጽ ደረሳቸው? ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱም ዋና ባለታሪክ አላደረጋቸውም። እንዳትሳሳቱብኝ፤ እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን የጠጣን ሰው ላንኳስስ አይደለም። ግን የዘመቻው ሠራዊት የማንን ጎተራ ነበር ሲያራግፍ የከረመው? የወሎን ገበሬ አይደለም? ዛሬ ስለ አንድነት የሚሰብኩን ጀግናውን ብቻ ያነሳሉ፤ ስለ ጭቆና የሚሰብኩን ደግሞ ሟቹን ብቻ። ሁለቱም መቅደላን ለስብሰባ ይፈልጓታል እንጂ አንብበዋት አይመስለኝም።

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቁልቁል ቢወርዱ አባይ ነው፤ ማዶው ጎጃም። ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚያ ማዶ በዚያው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጡለት። የፊታውራሪ መሸሻ ባላገር እንኳ እምቢ ሲል ይሰማል። ወዲህ ማዶስ?

እንግሊዝ በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ዘርፎ ሲሄድ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ይመለሱ እንላለን፤ ልክ ነው፣ እኔም እጮኻለሁ። ወይዘሮ ወርቂትን ግን እንግሊዝ አልወሰዳቸውም። ቀለም የነፈግናቸው እኛው ነን።

ደራሲያን ሆይ፣ የአቀስታ አውቶቡስ ከደሴ መናኸሪያ በጠዋት ይነሳል።