የሰፈር ኳስ ሜዳ ባለቤቱ ማን ነው?

የሰፈር እግር ኳስ ቡድንና የአካባቢው አስተዳደር በሜዳ ምክንያት ሲካሰሱ መስማት በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ መልክ ነው። ወጣቶቹ ከሥራና ከትምህርት መልስ ሲጫወቱበት የኖሩት ሜዳ አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጥሮ ይገኛል። እነርሱም «አባቶቻችን የተጫወቱበት ሜዳ ነው» ብለው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። ሹሙም ካርታውን ዘርግቶ ይመለከትና «ይህ በመዝገባችን ክፍት ቦታ ተብሎ የተጻፈ ነው» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ምልልስ፤ ቅሬታና ቂም ነው።

የዚህን ጠብ ምንጭ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ሐሰት አልተናገረም። ሜዳው በእርግጥ አባትም ልጅም የተጫወቱበት ነው፤ በመዝገቡም በእርግጥ ክፍት ቦታ ነው። እግር የሚያውቀውና ወረቀት የሚያውቀው ሳይገናኙ ኖረዋል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ለመጻፍ የተነሣነውም፤ ጠቡ ከክፋት ይልቅ ከመዝገብ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን ለማሳየትና፤ ጉድለቱም ጠብ ሳይነሣ በፊት ሊቃና የሚችል መሆኑን ለማመልከት ነው።

አስተዳደሩን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ለትልልቅ ግጥሚያ የሚመረጠው የኳስ ሜዳ 105 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ስፋት አለው፤ ይህም 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የሰፈር ሜዳ ከዚህ ቢያንስም እንኳ፤ ቤት ለሌለው ቤት፤ ትምህርት ቤት ለራቀው ሰፈር ትምህርት ቤት እንዲያሠራ የታዘዘ ሹም፤ ባዶ መሬት ሲያይ ዓይኑ ቢያርፍበት አያስደንቅም። ነገር ግን ሜዳ አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት በኋላ ተመልሶ ሜዳ ይሆናል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ከሌላው ውሳኔ ሁሉ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል።

ለዚህ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነን የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት፤ ሯጮች የሚወዳደሩበት፤ የየሰፈሩም ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፤ በፒያሳው አትክልት ተራ የነበረው መጨናነቅ ለጤና የሚያሰጋ ስለ ነበረ፤ የከተማው አስተዳደር ገበያውን ወደ ጃን ሜዳ አዛወረው። ምክንያቱ በጎ ነበረ፤ የሚነቀፍም አልነበረም። ይሁን እንጂ ገበያው ክረምቱን በሙሉ በዚያው ከረመ። ሜዳው በጭቃና በአትክልት ጥራጊ ተሞላ፤ ይለማመዱበት የነበሩትም ስፖርተኞች ቦታቸውን አጡ። በመጨረሻም የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ሌላ ቦታ ተሰጥቶት ተነሣ፤ ሜዳውም ተጠርጎ ለበዓሉ ደረሰ።

ጃን ሜዳን ያዳነው ምንድር ነው? እንደ እኛ አስተያየት ያዳነው የታወቀ ቀጠሮ ያለው መሆኑ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው እንደሚያድሩበት ሕፃንም ሽማግሌም ያውቃል። በዓሉም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ሊዘነጋ የሚችል ሹም የለም። በየሰፈሩ ያለው ትንሽ ሜዳ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም። ያለው ቀጠሮ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ ብቻ ነው። ገበያ ወይም የግንባታ ዕቃ «ለጊዜው» ቢያርፍበት፤ ያ ጊዜ ማለቁን የሚናገርለት ማን ነው?

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን፤ ኳስን በሕግ አደራጅታ ለዓለም ያስተማረችውን እንግሊዝን እንመልከት። ሽሩዝበሪ በምትባል ከተማ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ማዘጋጃ ቤቱ ለሕዝብ መጫወቻ የገዛው መስክ ነበር። ዘመን አልፎ ሹም ሲለዋወጥ፤ መሬቱ ለምን እንደ ተገዛ ተረሳ። በ2017 የከተማው ምክር ቤት ከመስኩ ከፊሉን ለቤት ሠሪ ሸጠው፤ በተከታዩም ዓመት 15 ቤቶች እንዲሠሩበት ፈቃድ ተሰጠ። ሕጉ ግን እንዲህ ያለው መሬት ከመሸጡ በፊት ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት በአካባቢው ጋዜጣ እንዲነገር ያዝዛል፤ ይህ አልተፈጸመም። ነገሩ በክርክር ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፤ በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው።

እንግዲህ ስሕተት በዚያም አለ። ልዩነቱ፤ በ1926 የተጻፈ ወረቀት ከ90 ዓመት በኋላ ለተወለዱ ልጆች መከራከሩ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ አስቀድመው ተናግረውታል።

ስለዚህ የምናሳስበው አራት ነገር ነው። አንደኛ፤ እያንዳንዱ ወረዳ በክልሉ ያሉትን የመጫወቻ ሜዳዎች ለክቶ፤ «ክፍት ቦታ» የሚለውን ፍቆ «የሕዝብ መጫወቻ» ብሎ በካርታው ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ሜዳ ለሌላ አገልግሎት ሲፈለግ ሕዝቡ አስቀድሞ ይሰማ፤ ይጠየቅም። ሦስተኛ፤ «ለጊዜው» የሚባል ነገር ሁሉ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ ይፈረምበት። አራተኛ፤ ሜዳውን መውሰድ የግድ ቢሆን፤ ምትኩ በቅድሚያ ተዘጋጅቶ ይሰጥ እንጂ ተስፋ ብቻ አይሰጥ።

ቡድኖቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ብዙዎቹ ለማልያ መዋጮ ያሰባስባሉ እንጂ ሊቀ መንበር፤ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ የላቸውም። ጠብ በተነሣ ቀን ሠላሳ ሰው ባንድነት ይጮኻል፤ ደብዳቤ ይዞ የሚቀርብ ግን አይገኝም። ደግሞም ሜዳው የሕዝብ ነው ያለ ቡድን፤ ለሴቶች ልጆችና ለታናናሾቹ ሰዓት መመደብ፤ ሜዳውንም ማጽዳት ይገባዋል። አለዚያ የሕዝብ ያለውን ሜዳ እርሱ ራሱ የግሉ አድርጎታል ማለት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተሠማራን ወጣቶች በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ባለ ዕዳዎች ነን። ትናንት በነዚህ ሜዳዎች ላይ ኳስ ስንጫወት ያደግን ነን፤ ዛሬም ካርታውን የሚዘረጋው፤ ማኅተሙንም የሚመታው እጅ የእኛ እጅ ነው። ነገ በጠረጴዛችን ላይ «ክፍት ቦታ» የሚል ወረቀት ቢቀርብልን፤ ከመፈረማችን በፊት ተነሥተን ቦታውን ሄደን እንየው፤ በተለይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።