ከሕፃን ጋር ገበያ የለም

ንግድ የተከበረ ሥራ ነው። ለጉራጌ ልጆች ስለ ንግድ ክብር መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከወልቂጤና ከቡታጅራ ተነሥቶ፣ በትንሽ መደብ ጀምሮ፣ በላቡ አድሮ፣ ወንድሞቹን አስተምሮ፣ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ስንት ነው! ነገር ግን ንግድ የሚከበረው በአንድ ምክንያት ነው። ይኸውም ሻጭና ገዢ ሁለቱም አስበው፣ ሁለቱም ተከራክረው፣ ሁለቱም ወደው ስለሚለያዩ ነው። ገዢው ዕቃውን ያገላብጣል፤ በዋጋው ይከራከራል፤ ያልተስማማው እንደ ሆነ ትቶት ይሄዳል። ይህ በሌለበት ያለው ማባበል ብቻ ነው።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ የሰባት ዓመት ልጅ በምን አእምሮው ይከራከራል?

ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው፣ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት፣ በአንድ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጆቹ ከበሩ እንደ ወጡ የሮጡት ወደ ሱቁ ነው። ሱቁ በለስላሳ መጠጥ ቀለም ተቀብቷል፤ በደጁ ላይ ባለ ሥዕል ከረጢቶች እንደ ዶቃ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል። በአንዱ ላይ የሚስቅ ድብ፣ በሌላው ላይ ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያውቁት ጀግና ተሥሏል። አንዲት ትንሽ ልጅ ብሯን ሰጥታ አንዱን ተቀበለች፤ ቀደደችውና ቺፕሱን ሳትቀምስ ውስጡን በጣቷ ትበረብር ጀመር። «ምን ትፈልጊያለሽ፣ የኔ ልጅ?» ብላት «መጫወቻውን» አለችኝ። የምሳ ዕቃዋ ክዳን ተከፍቶ ነበርና እናቷ ያሰናዳችላት ቆጮና ጎመን ሳይነካ እንዳለ ተመለከትሁ።

ለዚያች ልጅ የተሸጠላት ሥዕልና ተስፋ ነው፤ ምግቡ የተጨመረላት እንደ ምርቃት ነው።

ፈጣን ምግብ የሚባለው ነገር በአዲስ አበባ በታላላቅ ቤቶች ይሸጣል፤ ፒዛ ሃት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ስም ያለበት ቤት በዚያ የተከፈተው በ2010 ዓ.ም. ነው። ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ልጆች ግን ፈጣኑ ምግብ ይበልጡን የሚመጣው በከረጢትና በጠርሙስ ነው። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከእንዲህ ያለው ስኳር የሚመጣው ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ከ5 እጅ በታች እንዲወርድ መክሯል። ለትንሽ ልጅ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይህን ሁለተኛውን ልክ ያልፈዋል።

አንዳንድ ሰው፣ «አገራችን የታመመችው በራብ ነው እንጂ በጥጋብ አይደለም፤ ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ ናቸው። የቀነጨረ ልጅ የሚያስፈልገው አካሉን የሚሠራ ምግብ ነው። የድኻ ልጅ ሆድ ትንሽ ናት፤ ኪሱም ከሆዱ ያንሳል። ሆዱ በስኳርና በዘይት ከሞላ ለአይብና ለባቄላ፣ ለእንቁላልና ለጎመን ስፍራ ከየት ይገኛል?

ሌላው ደግሞ፣ «ልጅን መቅጣትና መመገብ የወላጅ ነው፤ መንግሥት በሰው ጓዳ ምን አገባው?» ይላል። ይህ ቃል ሲሰሙት ያማረ ነው። ነገር ግን እናቲቱ ገበያ ውላለች፤ አባትየው አዲስ አበባ ነው። ድርጅቱ ግን የሥዕል አዋቂና የዘፈን አዋቂ ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ይነጋገራል። እናት «አይሆንም» የምትለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሥዕሉ «ና» የሚለው ሺህ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለው ክርክር መካከል ዝም የሚል መንግሥት ከማንም ጋር አልወገንሁም ሊል አይችልም፤ በዝምታው ከጉልበተኛው ጋር ቆሟል። ሕግ ወላጅን አይተካም፤ ያግዛል እንጂ።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ባለ ሱቁ ነው፤ እርሱም ጠላታችን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አጎታችን ነው። «እንጀራዬን አትዝጉብኝ» ይለናል። አጎቴ ሆይ፣ ሱቅህ ይከፈት፤ ትርፍህም ይብዛ! ቆሎና ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ መሸጥን ማን ከለከለህ? የምንጠይቅህ ለአዋቂ የምትሸጠውን በሕፃን ፊት እንዳትሰቅል ነው። አንተስ ራስህ የጎረቤትህ ልጅ እንዲታለል ትወዳለህን?

መንግሥትም በዚህ ጎዳና እንግዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከራድዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። ያን ጊዜ ብዙዎች «ንግድ ሞተ» ብለው ጮኹ፤ ቢራ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ለስላሳ መጠጥን ከታክስ አላስቀረውም።

ወደ ውጭ አገርም ብንመለከት፣ የካናዳዋ ኩዊቤክ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚደረገውን የንግድ ማስታወቂያ ከልክላለች። ቺሌም በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር፣ ጨውና ስብ በበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲታተም፣ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ፣ ለልጆችም በሥዕልና በመጫወቻ እንዳይቀርብ አዘዘች። ከዚያ በኋላ ምልክቱ የተደረገባቸው ጣፋጭ መጠጦች ግዢ በሩብ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ቺሌ ሱቆቿን አልዘጋችም፤ ልጆቿን ከአባባዮች ለየች እንጂ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በትምህርት ቤት ግቢና በበሩ ዙሪያ እንዲህ ያለው ምግብና መጠጥ አይሸጥ፤ ማስታወቂያውም አይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከከረጢቱ ላይ የልጆች ሥዕል፣ ከውስጡም መጫወቻና ሽልማት ይውጣ። ሦስተኛ፣ የስኳሩና የጨው ብዛት ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሚያነበው ጉልህ አማርኛ በፊት ለፊቱ ይጻፍ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የአዲስ አበባ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ግን የቅርብ ሥራ ነው፤ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫዎች ናቸውና ሹማምንቱ ከትምህርት ቤቱ በር ሩቅ አይደሉም።

ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ቂጫ፣ ክስታኔም በጎርደና ሴራ ሲዳኝ የኖረ ሕዝብ ነው። ጉልበተኛ ደካማውን እንዳይበድል በመካከል ዳኛ መቆም እንዳለበት ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ማን ያስተምረዋል? በ1950ዎቹ አያቶቻችሁ ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ አሠርተዋል። በመንገዱ ሐኪምና መጽሐፍ ገቡ፤ ዛሬ ደግሞ ባለ ሥዕሉ ከረጢት ይገባበታል። መንገዱ አይዘጋ፤ በመንገዱ ላይ ግን ሕግ ይቁም።

እናንተ ማንበብ የቻላችሁ ወጣቶች በከረጢቱ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ለታናናሾቻችሁ አንብቡላቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ለወረዳውም በጽሑፍ አመልክቱ። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና፣ ያች ልጅ የእናቷን ጎመን ንቃ ከማደጓ በፊት ተነሡ።