ቀለም መግፈፍ ቅንብር አይደለም

በግ ስለ ተገፈፈ ብቻ ወጥ ተሠራ አይባልም። በየዐውደ ርዕዩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉልን «ጥበባዊ» የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ግን አብዛኞቹ ተገፍፈው ሳይሠሩ የቀረቡ ናቸው። የሰሜን ተራሮች በግራጫ፣ የጣና ታንኳ በግራጫ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በግራጫ! በቀለም የተነሣው ፎቶግራፍ አልሰምር ሲል አንድ ቁልፍ ተጭነው ቀለሙን ያጠፉለትና «ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥልቀት አለው» ይሉናል። ለመሆኑ ቀለሙ ሲሄድ በምትኩ ምን መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን ቀዩን አፈርና አረንጓዴውን ቡቃያ በቀለማቸው ይለያል። ቀለሙ ሲጠፋ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ዐመድማ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ማሳው ከመንገዱ፣ ተራራው ከሰማዩ አይለይም። ስለዚህ የጥቁርና ነጭ ቅንብር የሚጀምረው ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊት ነው። የትኛው ይጨልም? የትኛው ይብራ? አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ዮሰሚቲ ውስጥ ሀፍ ዶም የተባለውን ገደል ሲያነሣ መጀመሪያ የተጠቀመው በቢጫ ፊልተር ነበር። ሰማዩ ገርጥቶ፣ ገደሉም ግርማውን አጥቶ እንደሚወጣ ሲገባው በእጁ በቀረችው የመጨረሻ መስታወት ጠቆር ያለ ቀይ ፊልተር አድርጎ ደገመው። ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያግድ ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠጋ፤ ገደሉም ገዝፎ ቆመ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለውን በ11 ደረጃ የሚከፍል ስልት አበጀ። ይህን ሁሉ የደከመው ቀለም ለመግፈፍ ነበርን?

አስተማሪዎቻችን ደግሞ «ፍሬሙን በሦስት ክፈል፣ አድማሱን ከአንዱ መስመር ላይ አሳርፍ» እያሉ ያስደግማሉ። ለጀማሪ አይከፋም። ነገር ግን መስመር ክብደት አያውቅም። በጠቆረ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ቢቆም፣ የትም ይቁም የት፣ ዓይን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ እርሱ ነው። ጣት የምታህለው ነጭ ግማሽ ፍሬም የሞላውን ግራጫ ትመዝናለች። ይህን ያልመዘነ ሰው ፍሬሙን በሦስት ቢከፍል በሠላሳ ቢከፍል ለውጥ የለውም።

የብርሃኑስ ነገር? ሀገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትወጣለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይሰበሰባል፤ ያ ሁሉ ሸለቆ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም ከምሽቱ ዋዜማ 11 ሰዓት ላይ ግን እያንዳንዱ እርከን የየራሱን ጥላ ይጥላል፤ መሬቱ ቅርፁን ራሱ ይናገራል። ማልዶ መነሣትም ሆነ ማምሸት የከበደውን ሰው ቁልፍ አያድነውም።

«ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በዓለም ፊት ረሀብተኛ አድርጎ አሳይቶናል፤ ሀገራችን የቀለም ሀገር ናት» የሚሉም አሉ። ቁጭታቸው ይገባል። ሆኖም ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮረም የተራቡ ወገኖቻችንን በጥቁርና ነጭ አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ጄነሲስ» በተባለው መጽሐፉ ደግሞ የሰሜን ተራሮችን በዚያው ጥቁርና ነጭ አሳየ። ልዩነቱን ያመጣው የቆመበት ቦታና ወደ ፍሬሙ ያስገባው ነገር ነው። ቀለሙን ምን አድርግ እንላለን?

ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ጢስ ዓባይን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ እየዞረ፣ በበጋ ጥቁሩ ዓለት ራቁቱን የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የቀን መቁጠሪያዎቻችን ግን ዓመቱን ሙሉ የክረምቱን ፏፏቴ ያሳዩናል። በበጋ የሄደው ፎቶግራፍ አንሺም ዓለቱን ከፍሬም አስወጥቶ፣ የቀረችውን ውሃ በቅርብ አንሥቶ፣ ሞልታ የፈሰሰች አስመስሎ ይመለሳል። እስቲ ያስተውል! ሰፊው ጥቁር ዓለት፣ በመካከሉም አንዲት ነጭ ክር፤ ለጥቁርና ነጭ ፊልም ከዚህ የተሻለ ቅንብር ከወዴት ይመጣል? እውነቱም ውበቱም በአንድ ፍሬም ቆመው ሳለ ሁለቱንም ጥሎ መመለስ ምን ይባላል? የነገው ልጅ የሀገሩን መልክ የሚያውቀው ከእነዚህ ፎቶግራፎች ነው። ያልነበረ ሙላት ካወረስነው የጎደለውን እንኳ መጠየቅ አይችልም።

እንግዲህ የዐውደ ርዕይ አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ፎቶግራፍ ከመስቀላችሁ በፊት አንሺውን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፤ ይህ ጥቁር ለምን ጠቆረ? ይህ ነጭስ ለምን ነጣ? መልስ ከሌለው ቀለሙን መልሳችሁ ለቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ላኩለት።