ፉርጎው ትክክል፣ ባቡሩ ስህተት፦ ስለ ሞዴል የመንገደኛ ፉርጎዎች የቀረበ ምላሽ

የአሜሪካን የመንገደኛ ባቡሮች በሞዴል በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ እንደ ሕግ የተያዘ አመለካከት አለ። የመንገደኛ ባቡር ማለት ቀለሙ አንድ የሆነ፣ ከአንድ አምራች የተገዛ፣ ስም ያለው ሙሉ ስብስብ ነው ይላል። እያንዳንዱ ፉርጎ በስም ከሚታወቅ እውነተኛ ፉርጎ ጋር እስከ ብሎኑ ካልገጠመ ሐዲድ ላይ መውጣት የለበትም፤ አጠር ተደርጎ የተሠራው መጫወቻ ነው፤ አሮጌ ሞዴል ገዝቶ በእጅ ቀብቶ መጨረስ ደግሞ ገንዘብ ያጠረው ሰው መጽናኛ ነው። አመለካከቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ገበያውን የሞላው አንዱኑ ፉርጎ በአሥር ኩባንያ ቀለም እየነከረ የሚሸጥ ዕቃ ስለነበር ገዢው ትክክለኛነትን መጠየቁ ተገቢ ነበር። እኔ የምቃወመው ትክክለኛነቱ የሚለካበትን ቦታ ነው። ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ አጉሊ መነጽር ሥር ያደርጓቸዋል፤ አንድ ላይ ሲቀጠሉ የሚወጣው ባቡር በእርግጥ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ከፑልማን ልነሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1867 የተቋቋመው ይህ ኩባንያ በ1930 ግድም ወደ 10,000 የሚጠጉ ፉርጎዎች ነበሩት። መኝታ ፉርጎዎቹ የራሱ፣ አስተናጋጆቹም የራሱ ሠራተኞች ነበሩ፤ የባቡር ኩባንያዎቹ ድርሻ መጎተት ነበር። ክረምት ሲሆን ወደ ፍሎሪዳ፣ በጋ ሲሆን ወደ ሰሜን፣ ፉርጎው ሰው ወዳለበት ይላካል። ከሁሉ የበዛው ባለ 12 መደብና ባለ አንድ ሳሎን ዓይነት ሲሆን ከ4,000 በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ የዛሬው ሰብሳቢ «ይህ ፉርጎ የዚህ ባቡር አይደለም» ሲል ብዙ ጊዜ ፉርጎው ጨርሶ ያልነበረውን ባለቤትነት እየሰጠው ነው። ቀለሙ በያለበት ያው ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ከጥገና የወጣው አረንጓዴና ሦስት ዓመት የድንጋይ ከሰል ጭስ የጠጣው አረንጓዴ አንድ አይደሉም። ስምንቱንም ፉርጎ ከአንድ ቆርቆሮ የቀባ ሰው በየትኛውም ጣቢያ ታይቶ የማይታወቅ ባቡር ሠርቷል።

ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነገሩ ይባስ ተደባለቀ። ባድ የተባለው ፋብሪካ በ1934 የማይዝግ ብረት ባቡር አወጣ፤ ሌሎቹ ኩባንያዎችም በየፊናቸው ቀለም መረጡ። ፔንሲልቬንያ ጥቁር ቀዩን ያዘ፣ ኒው ዮርክ ሴንትራል ሁለት ዓይነት ግራጫውን፣ ዩኒየን ፓሲፊክ ቢጫውን። መንግሥት በ1940 ፑልማንን በሞኖፖል ከሰሰ፤ የፍርዱም ውጤት ሆኖ በ1947 የመኝታ ፉርጎው ሥራ ከ50 በላይ ለሆኑ የባቡር ኩባንያዎች በጋራ ተሸጠ። ፉርጎዎቹ ባለቤት ለወጡ፣ ቀለማቸው ግን በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ጥገና ተራው እስኪደርስ አሮጌውን አረንጓዴ ለብሰው በአዲሱ ባቡር መሐል ይሄዱ ነበር። የፎቶግራፍ መጻሕፍት ይህን አዘውትረው አያሳዩንም፤ ፎቶ አንሺ የሚጠብቀው ያማረውን ባቡር ነውና። የስብስብ አምራቹም የሚሠራው ከዚያ ፎቶ ነው።

በዚህ ላይ ቀጥታ ፉርጎ የሚባለው አለ። በ1946 የቼሳፒክና ኦሃዮ ኩባንያ ሊቀ መንበር ሮበርት ያንግ አሳማ ባቡር ሳይቀይር አገሪቱን ሲያቋርጥ ሰው ግን ቺካጎ ላይ ወርዶ ባቡር ይቀይራል ብሎ የሚሳለቅ የጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ከምሥራቅ ጠረፍ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ሳይቀየሩ የሚሄዱ መኝታ ፉርጎዎች ተጀመሩ። የምሥራቁ ኩባንያ ፉርጎ በምዕራቡ ባቡር ላይ፣ የምዕራቡም በምሥራቁ ላይ ተቀጠለ። ስብስቡን ብቻ ትክክል የሚል ሰው ይህን ባዕድ ፉርጎ «ስህተት» ብሎ ከሐዲዱ ያነሳዋል።

የተቃራኒውን ማስረጃ መደበቅ አያምርብኝም። በእርግጥ አንድ ዓይነት የነበሩ ባቡሮች ነበሩ። በ1938 ሄንሪ ድሬፈስ የነደፈው የኒው ዮርክ ሴንትራል ትልቁ የሌሊት ባቡር፣ በ1937 የወጣው የሳውዘርን ፓሲፊክ ቀይና ብርቱካንማ ዴይላይት፣ ከ1949 እስከ 1970 የሄደው ካሊፎርኒያ ዚፈር ለዚህ ምስክር ናቸው። ዚፈር ላይማ ፔንሲልቬንያ ራሱ ከሌሎቹ ጋር የሚገጥም የማይዝግ ብረት መኝታ ፉርጎ አሠርቶ «ሲልቨር ራፒድስ» ብሎ አስገብቷል። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ «ሲልቨር» የዚፈር ፉርጎዎች ሁሉ መጠሪያ ሲሆን «ራፒድስ» ደግሞ ፔንሲልቬንያ ባለ 10 ነጠላና ባለ 6 ድርብ ክፍል ፉርጎዎቹን የሚጠራበት ነው። ለእኔ ግን ይህ ምሳሌ የሚያሳየው አንድ ዓይነትነት ልዩ ትእዛዝና ልዩ ወጪ የጠየቀ ነገር መሆኑን ነው። ልዩ የሆነውን እንደ ደንብ ይዘን ደንቡን እንደ ጉድለት ቆጠርነው።

ደግሞም ኩባንያዎቹ ራሳቸው በቀለም ያስመስሉ ነበር። አዲስ የማይዝግ ብረት ፉርጎ ያልደረሰው ባቡር ላይ የቆየውን ከባድ ፉርጎ በብርማ ቀለም ቀብተው፣ የብረቱን ቦይ የሚመስል የጥላ መስመር አስምረውበት ይቀጥሉት ነበር። አሮጌ ፉርጎ በብሩሽ ማደስ ውርደት ከሆነ ውርደቱን የጀመሩት ባለ ሐዲዶቹ ናቸው። በጥቅምት 1955 የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡሮች ወደ ቺካጎ የሚገቡበትን መስመር ሚልዎኪ ሮድ ወደተባለው የባቡር ኩባንያ ሲያዛውሩ፣ ሚልዎኪ ብርቱካንማና ጥቁር ቀይ ፉርጎዎቹን ወደ ቢጫ መቀየር ጀመረ፤ ሥራው ጊዜ ወሰደ፤ በመሐሉ ሁለቱም ቀለሞች በአንድ ባቡር ላይ ታዩ። በግንቦት 1 ቀን 1971 ሥራ የጀመረው አምትራክማ ከየኩባንያው በተረከባቸው ከ1,000 በላይ ፉርጎዎች የተነሳ የመጀመሪያ ዘመኑ የቀስተ ደመና ዘመን ተብሎ ቀርቷል።

እስካሁን ያነሳሁት የቀለም ነገር ነው። ከዚህ የከበደ አለ። ስለ ብሎን ቁጥር የሚከራከሩት ሰዎች የደቡብ ግዛቶችን የ1940ዎቹ ባቡር በሞዴል ሲሠሩ የትኛውን ፉርጎ እንደሚተዉ ማየት ያስፈልጋል። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን ለይቶ ማስቀመጥን ያጸደቀበት የፕሌሲ ጉዳይ የተነሳው በሉዊዚያና ባቡር ላይ ከአንድ ወንበር ነው። ከዚያ በኋላ የደቡብ ኩባንያዎች ፉርጎ ሲያሠሩ በመሐሉ ግድግዳ፣ በሁለቱም ጫፍ የየራሱ መጸዳጃ እንዲኖረው አድርገው ያዝዙ ነበር። ብዙ ጊዜ ጥቁር መንገደኞች የሚሳፈሩት ግማሹ ጓዝ መጫኛ በሆነ ፉርጎ ውስጥ፣ ከሎኮሞቲቩ አጠገብ፣ ጭሱና ጥላሸቱ በሚበረታበት ቦታ ነበር። በ1942 ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ሳውዘርን በተባለው ኩባንያ ባቡር ሲጓዝ እራት ተከለከለ። በምግብ ቤቱ ፉርጎ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ለጥቁሮች የተመደቡ፣ በመጋረጃ የሚከለሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ነበሩ፤ እነሱም ላይ ነጮች ተቀምጠውባቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 1950 ላይ ፈረደለት። ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት በሚያልፉ ባቡሮች ወንበር ላይ መለየት እንዲቀር የታዘዘው ግን ከጥር 1956 ጀምሮ ነው።

እንግዲህ የ1948 የሳውዘርን ባቡር ሞዴል ያለው ሰው የምግብ ቤቱን ፉርጎ ጣሪያ አንስቶ ሲያሳየን ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ መብራት፣ አበባ እናያለን። መጋረጃው የት አለ? ግድግዳ ያለው ፉርጎስ? የመስኮቱ አደራደር ከውጭ ስለሚያስታውቅ ይህ የውስጥ ማስጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፉርጎ ምርጫ ጉዳይ ነው። የፑልማን አስተናጋጆችም እንዲሁ። አብዛኞቹ ጥቁሮች የነበሩ፣ ተሳፋሪው በስማቸው ሳይሆን በኩባንያው መሥራች ስም «ጆርጅ» እያለ የሚጠራቸው፣ በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው በ1937 ከፑልማን ጋር ውል የተፈራረሙ ሰዎች ናቸው። በአንድ ፉርጎ በር ላይ ነጭ ኮት የለበሰ አስተናጋጅ ማቆም የሚጠይቀው አንድ ትንሽ ምስልና ጥቂት ጠብታ ቀለም ነው። ሳይቆም የሚቀረው ስለሚከብድ አይመስለኝም።

ወደ መጠን ስንመጣ የአመለካከቱ ጉዳት ቁጥር ይሆናል። በተለመደው ኤች ኦ መጠን ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ 85 ጫማ ፉርጎ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ይረዝማል። በጀማሪ ስብስቦች ውስጥ የሚመጣው ኩርባ ራዲየሱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ፉርጎ ሳያንገጫግጭ ለማዞር ግን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመከራል። አቴርን የተባለው አምራች ለረጅም ጊዜ የሸጣቸው ባለ 72 ጫማ ፉርጎዎች 25 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሁለት ሜትር ተኩል መቆሚያ ያለው ሰው ከረጅሙ ስምንት፣ ከአጭሩ አሥር ይቀጥላል። ሁለቱ ተጨማሪ ፉርጎዎች የፖስታውና የጓዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በረጅሙ ስብስብ ቦታ ጠበበ ተብሎ መጀመሪያ የሚቀሩትም እነሱ ናቸው። የመንገደኛ ባቡር ከገቢው ከፍ ያለውን ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከእነዚህ ነበር፤ በ1967 ፖስታ ቤት አብዛኛውን ደብዳቤ ከባቡር ሲያወርድ ብዙ ባቡሮች አብረው የወደቁት ለዚህ ነው። ማጠር የማይፈቀደው አጭሩንና ረጅሙን ወንበር ፉርጎ ጎን ለጎን ሲያቆሙ ነው፤ ዓይን ያኔ ወዲያው ይይዘዋል። የፖስታና የጓዝ ፉርጎ ግን በእውነቱም ከመኝታው ያጥር ስለነበር ከረጅሞቹም ጋር ቢሆን ያለ ሐፍረት ይቆማል።

አሮጌ ሞዴል ፉርጎዎችን መፈለግ ያለብን በየሞዴል ትርኢቱ ጠረጴዛ ሥር በካርቶን ተጠቅጥቀው ከሚሸጡት መካከል ነው። የጣሊያኑ ሪቫሮሲ ከባድ ፉርጎዎች በብዛት ይገኛሉ፤ አካላቸው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከሥር ነው። የጎማው ጠርዝ ጥልቅ ስለሆነ በዝቅተኛ ሐዲድ ላይ የሐዲዱን ማሰሪያ ይመታል፤ ማያያዣውም ጎማዎቹን በያዘው ተሽከርካሪ ክፍል (ቦጂ) ላይ ስለተተከለ ረጅም ባቡር ወደ ኋላ ሲገፋ ይወጣል። ዲያሜትሩ 10.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ጎማ ማግባትና ማያያዣውን ወደ ወለሉ ማዛወር ሁለቱንም ይፈታል፤ ኩርባው ጠባብ ከሆነ ግን ማያያዣውን ባለበት መተው ይሻላል። ክብደትም አይረሳ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ቀመር ለ30 ሴንቲ ሜትር ፉርጎ 200 ግራም የሚጠጋ ይሰጣል፣ እሱም ወለሉ ላይ በዝቅታ መቀመጥ አለበት።

ቀለሙ ላይ የማልስማማበት ነገር ቢኖር ሁሉንም እኩል ማቆሸሽ ነው። የመንገደኛ ፉርጎ በየመድረሻው ጎኑ ይታጠባል፣ ጣሪያው አይታጠብም፣ ሥሩ ደግሞ ከፍሬኑ ዱቄትና ከመንገዱ አቧራ ጋር ይኖራል። መንገደኛው ከመቆሚያው ሆኖ የሚያየው ጎኑን ነበር፤ እኛ ግን ሞዴሉን ከላይ ስለምናየው መጀመሪያ የሚመጣልን ጣሪያው ነው። ሆኖም ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው በጎኑ ላይ ነው። ለጣሪያው ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት ድብዝዝ ጥላሸት፣ ከ1930ዎቹ በኋላ ለሆነ ከባድ ፉርጎ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣውን ቱቦ ጉብታ መጨመር ያስፈልጋል። የሚለጠፈውን ጽሑፍ በሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ላይ አሳርፎ በኋላ በማያብረቀርቅ መሸፈን ጠርዙን ያጠፋዋል። የመኝታ ፉርጎ መጋረጃዎችም ሁሉም በአንድ ከፍታ አይወርዱ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ከካታሎጉ ሳይሆን ከአንድ የተወሰነ ቀን ባቡር ነው። በየወሩ ይታተም የነበረው የአሜሪካ የባቡር ሐዲዶች ይፋዊ መመሪያ የባቡሮቹን ሰዓት ከሚይዟቸው መኝታና ምግብ ቤት ፉርጎዎች ዓይነት ጋር ይዘረዝራል፤ የቀጥታ ፉርጎዎቹንም መነሻና መድረሻ ይናገራል። የኩባንያዎቹ የውስጥ መዝገቦችም በባቡር ታሪክ ማኅበራት አማካይነት ታትመዋል። ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ከግማሽ የሚበልጠው ፉርጎ በሱቅ ይገኛል። ግድግዳ ያለው ፉርጎ፣ የሌላ ኩባንያ መኝታ ፉርጎ፣ ቀለሙ ገና ያልተቀየረ የጓዝ ፉርጎ ላይ ሲደረስ ግን ካታሎጉ ዝም ይላል፤ ስቱኮው፣ ብርጭቆ ወረቀቱና ብሩሹ የሚወጡት ያኔ ነው።